ዘፋኛችን «ዝቅ አድርጉልኝ» ባለ ቁጥር፦ ኪስ የማይጎዳ ባሪቶን ጊታር ፍለጋ

የእኛ ባንድ ዘፋኝ ድምፁ ወፍራም ነው። ስልክ አንስቶ «ሄሎ» ሲል ብቻ ሰው ይደነግጣል። ሰርግ ላይ የሚጠየቀው ዘፈን ግን አብዛኛው በቀጭን ድምፅ የተዘፈነ ነው። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ በገባን ቁጥር የማትቀር አንድ ቃል አለችው። «ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ።»

ኪቦርዲስቱ ዘፈኑን በሙሉ ወደ ሌላ ቃና የምታዛውረዋን፣ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ይገላገላል። ቤዚስቱ ባለ አምስት ክር ነው የሚጫወተው፣ አይጨንቀውም። ጣጣው የኔ ነው። የተለመደው ጊታር ወፍራሙ ክር ኢ ነው፣ 82 ኸርዝ ገደማ። ከዚያ በታች የለም። ዘፋኙ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እኔ ዜማውን ተሸክሜ ወደ ላይኛው ኦክታቭ እወጣለሁ። እሱ ምድር ቤት፣ እኔ ቆጥ ላይ።

ባለፈው ዓመት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ሰርግ ላይ እንዲህ ስንጫወት አንድ ሽማግሌ መድረኩ ድረስ መጡ። የሙሽራዋ አጎት ናቸው። ዘፈን ሊያዙ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። ጊታሬን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ያ ነገር ምነው እንደ ጫጩት ጮኸብኝ?» አሉኝ።

ማታውኑ ቤት ገብቼ ስለ ባሪቶን ጊታር፣ ከተለመደው ጊታር ወርዶ ስለሚቃኘው፣ ማንበብ ጀመርኩ።

አቅሜን አስቀድሜ ልናገር። ቀን ቀን ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ጊታሩ የቅዳሜና የእሁድ ነው። በጀቴ ክሩንም ጥገናውንም ጨምሮ 400 ዶላር ነበር። ባለቤቴ የምታውቀው ቁጥር 300 ነው። እባካችሁ በመሃላችን ይቅር።

መጀመሪያ ምንም ሳልገዛ ልወጣው ሞክሬ ነበር። ቤት ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ ጊታር አለችኝ። ከ13 እስከ 62 የሚባለውን የባሪቶን ክር ገዝቼ እሷ ላይ ልጫን አልኩ። ለማያውቅ ሰው፣ ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው፣ በአንድ ሺህኛ ኢንች የተለካ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ከ10 እስከ 46 ያለውን ነው። 62 ማለት ከቤዝ ጊታር ሁለተኛ ክር ብዙም የማያንስ ነገር ነው።

ወፍራሙ ክር ነቷ ላይ አልቀመጥ አለ። ነት የምንላት በአንገቱ ጫፍ ያለችዋ፣ ክሮቹ በየቦያቸው የሚያርፉባት ነጭ ነገር ናት። ተጫንኩት። ቀጭ አለች፣ ለሁለት። ሌላ ነት ገዝቼ አስገባሁና ቦዩን በሞረድ አሰፋሁት። አሁን ደግሞ ቅኝቱ እምቢ አለ። ባዶውን ክር ቢ ላይ እቃኘዋለሁ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደረው ብረት ነው) ስጫነው ከቢ ያልፋል። ክሮቹ በገላው በኩል የሚያርፉበት ብሪጅ ላይ ያለችውን፣ የክሩን ርዝመት የምታስተካክለዋን ብሎን ወደ ኋላ አዞርኩ። አሁንም አዞርኩ። ብሎኑ አለቀ፣ ልዩነቱ ግን አላለቀም። ድምፁም የላላ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት መጀመሪያ ወደ ላይ ያፈተልክና ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያቺ ጊታር ብሎኗ ቢረዝም ኖሮ የተሻለ ይወጣልኝ ይሆናል። የሚሳካላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሁለት ምሽት አጥፍቼ አቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክር ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲሰጥ ወይ ታላሉታላችሁ፣ ወይ ታወፍሩታላችሁ፣ ወይ ታስረዝሙታላችሁ። ሲላላ ይንቀጠቀጣል። ከመጠን በላይ ሲወፍር እንደ ብረት ዘንግ ይሆንና ቅኝቱ ከፍሬት ፍሬት ይዛነፋል። የሚቀረው ማስረዘም ነው። ባሪቶን ጊታር ሌላ ምስጢር የለውም፣ አንገቱ የረዘመ ጊታር ነው።

የተለመደው ፌንደር ጊታር ክሩ ከነት እስከ ብሪጅ 25.5 ኢንች ነው። ቤዝ ደግሞ 34። ባሪቶኖቹ መሃል ላይ ይወድቃሉ፣ ከ27 እስከ 30 ኢንች ባለው ውስጥ። ብዙውን ጊዜ ከወፍራሙ ጀምሮ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ተብሎ ይቃኛል። ጣታችሁ የለመደው ቅርፅ አይለወጥም። የኢ ኮርድ ስትይዙ ቢ ይወጣል፣ በቃ። አዲስ ነገር መማር ለሚሰለቸው እንደኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ቤዝ ሲክስ የሚባል ነገር ይገባባችኋል። ፌንደር በ1961 ያወጣው ነው፣ የፌንደር ርካሽ ምርት የሆነው ስኳየርም ቅናሹን ይሠራል። እሱም ስድስት ክር፣ እሱም 30 ኢንች ነው። የሚቃኘው ግን ከጊታር ሙሉ ኦክታቭ ወርዶ ነው። ይህ ባሪቶን ሳይሆን ቀጭን ቤዝ ነው። ሻጮች ራሳቸው ሁለቱን ስለሚያደባልቁ የክሩን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ቅኝቱንም ጠይቁ።

ደስ ያለኝ ነገር፣ ይህ ዕቃ ሲፈጠርም የባለጠጋ ዕቃ አልነበረም። በ1950ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ናታን ዳንኤል የሚባል ሰው ዳንኤሌክትሮ የተባለውን ጊታር ይሠራ ነበር። ገላው ውድ እንጨት አይደለም፣ ሜሶናይት የሚባል የተጨመቀ ጣውላ በእንጨት ፍሬም ላይ የተለጠፈበት ነው። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ፒክአፕ የሚከተው በሊፕስቲክ ቱቦ ውስጥ ነበር። አዎ፣ ከንፈር በሚቀባው ሊፕስቲክ። ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር ሲልቨርቶን በሚል ስም ለሕዝብ ይቸረችርለት ነበር። በ1956 አካባቢ ባለ ስድስት ክር ቤዝ አወጣ፣ የዛሬዎቹ ባሪቶኖችም የእሱ ዘመዶች ናቸው። ናሽቪል ያሉ ስቱዲዮዎች ደግሞ በዚህ ዓይነት ዕቃ የትልቁን ቤዝ መስመር እየተከተሉ፣ ክሩን በመዳፍ አፍነው በፒክ ይመቱት ጀመር። ድምፁ «ቲክ ታክ» ስለሚል ስሙም ያው ቲክ ታክ ቀረ። ይቺን ቲክ ታክ አትርሱብኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሁለት ባሪቶን ተሰቅሎ አገኘሁ። አንዱ ዳንኤሌክትሮ 56 ነው፣ አንዱ ግሬች ጄት። ሁለቱም 29.75 ኢንች ናቸው። ዋጋቸው ሁለቱም ከበጀቴ ያለፈ ነው፣ ግን መንካት በነፃ ነው።

ዳንኤሌክትሮው ሲነሳ እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለኝ። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ነው። መታሁት፣ ክሩ ፍሬቱ ላይ ተንጫጫ። ሌላውን መታሁ፣ እሱም። ጎንበስ ብዬ ባየው የጫኑበት ክር የተራ ጊታር ክር ነው! ያን ቀጭን ክር ወደ ቢ አውርደው ሰቅለውታል። «ተስተካክሎ የተዘጋጀ» የሚል ወረቀት ደግሞ አንጠልጥለውበታል። ለልጁ ነገርኩት። «ባሪቶን እንዲህ ነው፣ ይላመዱታል» አለኝ። ስንቱ ሰው በዚያ ወረቀት አምኖ «ባሪቶን አይሆነኝም» ብሎ ተመልሶ ይሆን? ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወፍራሙን ክር ነው። ከ60 የቀጠነ ከሆነ በጊታሩ አልፈርድም።

ግሬቹ ላይ ግን ትክክለኛው ክር ነበረበት። እንዴት ልንገራችሁ። ወፍራሙን ቢ አንዴ መታሁትና እጄን አነሳሁ። ፒያኖ ነው። የግራ እጁ በኩል ያለው ወፍራም የፒያኖ ክር። አይንቀጠቀጥም፣ አይዛነፍም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተመሳሳይ ክር በተመሳሳይ ቅኝት 25.5 ኢንች ላይ ካለው ይልቅ 29.75 ላይ 36 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይወጠራል። 27 ኢንች ላይ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። ልዩነቱን ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል። ሜሪላንድ የመጣሁበትን ረስቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ያንኑ አንድ ክር ስመታ ቆየሁ።

ከዚያ ባቲ ልጫወት ሞከርኩ። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የተለወጠው።

የእኛ ቅኝቶች ክፍተታቸው ሰፊ ነው። ባቲ ሜጀርን ከሲ ብትጀምሩ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ከሲ ወደ ኢ አራት ፍሬት ዝላይ አለ፣ ከጂ ወደ ቢም አራት። ትዝታ ማይነርም እንዲሁ ነው። ማለት አንድ ክር ላይ ከ1ኛው ፍሬት ተነስቶ 5ኛውን መያዝ የዘወትር ሥራችን ነው፣ ያውም ከነማስዋቢያው። ቤት ገብቼ ርቀቱን አሰላሁት። በ25.5 ኢንች ጊታር ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት 12.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በ27 ኢንች 13.4። በ29.75 ደግሞ 14.7። ሁለት ሴንቲ ምን አላት አትበሉ። ትንሿ ጣቴ እዚያ ለመድረስ መላ እጄን ይዛ ተሰደደች። ሦስተኛው ዙር ላይ የአውራ ጣቴ ሥር ይነዝረኝ ጀመር። እጄ ትልቅ አይደለም፣ የእናቴን እጅ ነው የያዝኩት።

ስለዚህ ግሬቹን መልሼ ሰቀልኩት። ዝግ ያለ ነገር ብቻ ለሚጫወት፣ ኮርድ ይዞ ለሚዘፍን፣ ወይም ጣቱ ለረዘመ ሰው ብሩን ካገኘ ግሬቹን ግዛ እለዋለሁ። ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ግን የአንድ ሰርግ ምሽት አራት ሰዓት ነው የምቆመው፣ ግማሹ ደግሞ እስክስታ ነው።

27 ኢንች መሆኑ ከተወሰነ ምርጫው ጠበበ። በኔ በጀት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው የስኳየር ፓራኖርማል ባሪቶን ካብሮኒታ ቴሌካስተር ነው። ስሙ ከጊታሩ ይረዝማል። ቅርፁ ቴሌካስተር ነው፣ ሁለት ሶፕባር የሚባሉ ወፋፍራም ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፖች አሉት፣ ክሩ በገላው ውስጥ አልፎ ከጀርባ ነው የሚገባው። አንድ ቮሊዩም፣ አንድ ቶን። ሌላ ግርግር የለውም።

ፌርፋክስ የሚማር አንድ ተማሪ ያገለገለ ይሸጥ ነበር። ለሜታል ገዝቶት ከጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ ባንዱ ፈረሰ። 350 አለ፣ 310 ተስማማን። አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። የሙያ ነገር ሆኖብኝ መኪናውን እንዴት እንዳቆመ ሳላይ አላለፍኩም።

ጊታሩን እንዲህ ነው የመረመርኩት። መጀመሪያ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው አንገቱን ከጫፍ ወደ ገላው አየሁት። ረጅም አንገት የመጣመም ዕድሉ ይበልጣል፣ በዚያ ላይ ወፍራም ክር ይጎትተዋል። በጣም ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ብሏል፣ ያ ጤናማ ነው። ወደ ኋላ ቢሆን ወይም ቢጠመዘዝ ኖሮ ልጁን አመስግኜ እሄድ ነበር። ቀጥዬ ስልኬ ላይ ባለችው መቃኛ ባዶውን ክርና 12ኛውን ፍሬት አወዳደርኩ። አምስቱ ክሮች ልክ ናቸው። ወፍራሙ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ብሎኑ ግን ገና ብዙ ቦታ አለው። የአሮጌዋ ጊታሬ ትምህርት እዚህ ሠራ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ሰክቼ ቮሊዩሙን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ቅርር አላለም። ሁሉንም ፍሬት አንድ በአንድ ተጫንኩ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ይይ። 310 ዶላር ነው።

ጉድለቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው የወጣው። ሦስተኛውን ክር ስቃኝ «ጭንቅ» የምትል ድምፅ እየሰጠ ይዘላል። ቦዩ ጠብቦ ክሩን ይይዘዋል ማለት ነው። ለጊዜው የእርሳስ ዱቄት ቦዩ ውስጥ አፍስሼ ገላገልኩት። ይቺ ዘዴ ከዱሮ ጀምሮ ያለች ናት፣ እስከዛሬም የሚስተካከላት የለም። የፍሬቶቹ ጫፍም እጅ ይቧጭራል። አፓርታማችን ውስጥ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ቀን ከሌት ስለሚነድ እንጨቱ ደርቆ ይሰበሰባል፣ ብረቱ ግን ባለበት ይቀራል። ርካሽ ጊታር ላይ የተለመደ ነው። በመጨረሻ ለአንድ ጠጋኝ 65 ዶላር ከፍዬ የፍሬቱን ጫፍ አስሞረድኩ፣ ነቱን አስተካከለልኝ፣ የክሩንም ከፍታ ዝቅ አደረገው። ሁለት እሽግ ክር 24 ዶላር። ድምሩ 399። የተሰበረችውን ነት ካልቆጠርን አንድ ዶላር ተረፈኝ።

አንድ ምክር ከዚህ ሁሉ ብትወስዱ ይቺን ውሰዱ። ርካሽ ባሪቶን ስትገዙ ከበጀታችሁ ላይ ለጠጋኙ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ሳይስተካከል ክፉኛ ያስጠላኝ ጊታር ነው ተስተካክሎ የወደድኩት። ያው ራሱ ጊታር ነው፣ ምንም አልተቀየረለትም።

ቅኝቱ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ሙዚቃ የሚጠቅመው እሱ ነው። ብዙ ሰው ቢ ላይ ይተወዋል። እኔ ግማሽ ድምፅ አውርጄ ኤ ሻርፕ ላይ አሳረፍኩት። የኪቦርድን ጥቁር ቁልፎች አስቡ። አምስቱን ብቻ ይዛችሁ ከኤፍ ሻርፕ ብትነሱ ትዝታ ሜጀር ነው። ከዲ ሻርፕ ብትነሱ ባቲ ማይነር ነው። ባሪቶኑ ግማሽ ሲወርድ ክሮቹ ኤ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤ ሻርፕ ይሆናሉ። ከስድስቱ አምስቱ ጥቁር ቁልፍ ናቸው! ኤፍ ብቻ ናት ባዕድ፣ እሷንም አንድ ፍሬት ከፍ ብትሉ ኤፍ ሻርፕ ናት። ስለዚህ ትዝታ ስትጫወቱ ባዶ ክር እንደልብ ነው። ዜማውን ላይ እየተጫወታችሁ ታች ያለውን ዲ ሻርፕ በአውራ ጣት እንደ ክራር ታንኳኩታላችሁ፣ እሱም እየጮኸ ይቆያል። የኪቦርዲስታችን ትራንስፖዝ ሥራ ፈታ። ዘፋኙም ኤፍ ሻርፕ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ይዤው ልምምድ የገባሁ ዕለት ግን ጠብ ነበር። ቤዚስታችን በዕድሜ ታላቃችን ስለሆነ ጋሼ ነው የምንለው። እኔ ደስታ አስክሮኝ ወፍራሙን ክር ብቻ እየመታሁ ነው። ጋሼ በመሃል አቆመ። ቤዙን ከትከሻው አወረደ። «እንግዲህ ከሁለት አንዳችን ወደ ቤታችን እንግባ» አለ። እውነቱን ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሰው ገብተናል።

አምፑ ላይ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ቀነስኩ፣ መካከለኛውን፣ ሚዱን፣ ጨመርኩ። የሚገርመው እንዲያውም ይበልጥ ወፍራም ሆኖ ተሰማ። የጊታር ስፒከር ከ70 ኸርዝ በታች ብዙም አያወጣም፣ የኔ ወፍራም ክር ደግሞ 58 ኸርዝ ነው። ጆሮ ያን ድምፅ የሚያውቀው በላዩ ካሉት ረዳት ድምፆች ነው፣ እነሱ ደግሞ ሚዱ ላይ ናቸው። ቤዝ መጨመር አምፑን ያንገራግራል እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ከዚያ ያቺን የናሽቪል ቲክ ታክ ሞከርኩ። መዳፌን ብሪጁ ላይ አሳርፌ፣ የጋሼን መስመር ኖታ በኖታ እየተከተልኩ በፒክ ቲክ ቲክ። ቤዙ ጥርስ አወጣ። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና፣ «እስቲ ይቺን ድገማት» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

የማይወደድ ነገርም አለው። ሶፕባሮቹ ሲንግል ኮይል ስለሆኑ ኒዮን መብራት አጠገብ ይዘምራሉ። አርብ አርብ የምንጫወትበት ምግብ ቤት የቢራ ምልክቱ ከጀርባዬ ነው፣ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ቮሊዩም መዝጋት ግዴታ ሆኖብኛል። ሚዛኑም ወደ አንገቱ ያደላል፣ እጃችሁን ከለቀቃችሁት ወደ መሬት ይወርዳል። ሸካራ የቆዳ ማንገቻ ገዝቼ ችግሩን አቃለልኩት። ፈጣን ነገር ላይ ደግሞ ክሩ ከባድ ስለሆነ እንደ ተራው ጊታር አይታጠፍም። የለመዳችኋትን የሊድ ክር ማጠፍ እዚህ ላይ እርሷት፣ ወይም ክሩ ላይ በሚንሸራተተው ቱቦ፣ በስላይድ፣ ተኳት። ሁለቱን ጊታሮች ይዤ ነው ሥራ የምሄደው።

ባለፈው ሁዳዴ ጾም ላይ ሥራ የለም፣ ሰርግ የለም። ቤት ተቀምጬ አንድ ነገር ሞከርኩ። በገና ያን የሚንዘርዘር ድምፁን የሚያገኘው ክሩና ድልድዩ መሃል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፣ እንዚራ ከሚባለው። አሮጌ ቀበቶዬን በቀጭኑ ቆረጥኩና ብሪጁ ላይ፣ ከሁለቱ ወፍራም ክሮች ሥር አስገባሁት። መጀመሪያ ጭራሽ አፈነው። ትንሽ ሳብ አደረግኩት። አሁንም አፈነው። ቆዳውን በምላጭ አሳስቼ፣ ጫፉ ብቻ ክሩን እንዲነካ አድርጌ ስመታው ዝርርር አለ። ፀጉሬ ቆመ። አውራ ጣቴን ብቻ እየተጠቀምኩ፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጌ ቆየሁበት። በተራ ጊታር ይህን ሞክሬ አውቃለሁ፣ ንብ የገባበት ጣሳ ነው የሚመስለው። ወርዶ የሚቆም ክር ያስፈልገዋል።

በመሃል አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እያወራኋት እጄ አላርፍ አለ። «አንተ ልጅ፣ በገና ገዛህ እንዴ?» አለች። ጊታር ነው አልኳት። «በጾም?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ሌሎቹን ባጭሩ። አይባኔዝ 28 ኢንች ባሪቶን ሠርቷል፣ ጠንካራና ትክክለኛ ነው፣ ግን ፒክአፑ ለሜታል ስለሆነ ለእኛ ዘፈን ይደርቅብኛል። ፒ አር ኤስ ኤስ ኢ 277 የሚባለው ስሙ ርዝመቱን ይናገራል፣ 27.7 ኢንች ነው። ያገለገለ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አትለፉት፣ እኔ የምለው ካብሮኒታ ከአሠራር አንፃር አይደርስበትም። አውሮፓ ላላችሁ ቶማን የተባለው የሙዚቃ ዕቃ መደብር የሚሸጣቸው ሃርሊ ቤንተን ባሪቶኖች አሉ። ካልተመቻችሁ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል፣ ጊታር ሳይነኩ መግዛት ለሚፈራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚያስልክ ሰው ካላችሁ ደግሞ ከጊታሩ ጋር ሦስት አራት እሽግ የባሪቶን ክር አብራችሁ አስልኩ። የሰባት ክር ጊታር ክር ገዝቼ ወፍራሞቹን እጠቀማለሁ የሚል ሰው አለ። 27 ኢንች ላይ ያስኬድ ይሆናል፣ 29.75 ላይ ግን ክሩ መቃኛው ጋ ሳይደርስ ሊያልቅባችሁ ይችላል።

ሻንጣም አስቡበት። ስኳየሩ የድሮው ቦርሳዬ ውስጥ ገባልኝ፣ ዚፑን ለመዝጋት ጉልበቴን ብጫንበትም። ግሬቹ ቢሆን ኖሮ አዲስ ቦርሳ፣ ያውም ረጅም፣ የሂሳቡ አካል ነበር።

ትናንት ልምምድ ነበረን። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ጋሼ ፈገግ ብሏል፣ ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትባል ነገር ረስቷል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኛችን ማይኩን አወረደና ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ እኔ ዞረ። «ያንተ ጊታር እንግዲህ ይወርዳል አይደል? እስቲ ኤ ላይ እንሞክረው፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ።»

ማታ ከ14 እስከ 68 ያለውን ክር አዘዝኩ።